ጋሽ ወንዳፍራሽ ያላመኑት ካሜራ

ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ዛሬ በጡረታ ልንሸኝዎት ወደተሰበሰብንበት ወደዚህ ቢሮ የመጡ ዕለት ከሰላምታው በፊት ቀና ብለው ያዩት የጣራውን ቬንትሌተር ነበር።

«ከዚህ ሥር ማን ነው የሚቀመጠው?» አሉ።

«ሁላችንም» አልኩዎት።

«ወድቆ ያውቃል?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«እንግዲያው ጊዜው ደርሷል» ብለው ወንበርዎን ወደ ጥግ ጎተቱ። ቬንትሌተሩ ይኸው አለ። ወንበሩም ከጥጉ አልተነቃነቀም። በጋምቤላ ሙቀት፣ መብራት እያለ ሲያልብዎት የኖሩ ፎቶ አንሺ እርስዎ ብቻ ነዎት።

ለጋዜጣችን አዲስ ካሜራ ይገዛ በተባለ ጊዜ ከግዥ ኃላፊዋ ከጽጌ ጋር ሆነን ሱቅ ገባን። ባለሱቁ ኪስ የምትገባ ትንሽ ካሜራ አወጣ።

«ሃያ ሜጋፒክስል ናት» አለ።

«ማን ቆጠረው?» አሉት።

«ዙሟ ከባሮ ማዶ ያለውን ሰው ይስባል።»

«ማዶውን ተወው፤ አጠገቤ ያለውን ታሳየኝ።»

ሾፌራችንን ጩዎልን ከመኪናው አስወረዱ። ነጭ ሸሚዝ ከለበሰው ባለሱቅ ጎን በቀትር ፀሐይ አቁመው አነሷቸው። ሸሚዙ ፏ ብሎ ወጣ። የጩዎል ፊት ግን ጥላ ሆኖ ቀረ።

«ይህች ካሜራ የአገሩን ሰው አታውቅም» አሉ።

ጽጌ ግን ገዛቻት። ጽጌ፣ አትቆጪ፣ ሁሉም ያውቃል። ይቺኑ ካሜራ ይዘን ኢታንግ የውኃ ቦኖ ሊመረቅ ሄድን። የወረዳው አስተዳዳሪ ሪባኑን ሲቆርጡ እርስዎ ቁልፉን ተጫኑ። ካሜራዋ አሰበች፤ አሰበች፤ ስታነሳ ሪባኑ መሬት ላይ ነበር። አዘጋጆቹ ብልሃት አላጡም፤ ሪባኑን ቋጥረው እንደገና አስቆረጡ። ፎቶው አማረ። ቋጠሮው ግን መሐል ላይ ጎልቶ ይታያል።

ፎቶውን ለፊት ገጽ ብጠይቅዎ «ይህ ሁለተኛው ምርቃት ነው። እኛ የምንዘግበው የመጀመሪያውን ነው» አሉኝ። ዜናው ያለ ፎቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ነው ጽጌ እጅ ሰጥታ ሌንሱ የሚፈታውን ዓይነት ያስገዛችው። እሱንም አላመኑትም። በክረምት ሻጋታ እንዳይዘው ብለው ደረቅ ሩዝ በጨመሩበት የብስኩት ቆርቆሮ ከደኑት። ጩዎል ከፍቶ አየና «ጋሼ፣ ካሜራው ምሳውን የሚበላው ስንት ሰዓት ነው?» አለዎት።

እንግዲህ ሳቁን እዚህ ላይ ልግታው። ሰው የእኛን ጋዜጣ ገልጦ ፎቶውን ሲያይ «ይህማ ሆኗል» የሚለው፣ እርስዎ በእሱ ፋንታ ቀድመው ስለተጠራጠሩለት ነው። ስለዚህ እናመሰግናለን።

ባለፈው ሳምንት የቢሮውን ካሜራ ሲያስረክቡ «ለራስዎ አንድ አይገዙም?» ብዬ ነበር።

«ዓይኔ ደክሟል፤ አላምነውም» አሉኝ። «የማላምነው ሰው ያነሳውን ፎቶ ደግሞ አላይም።»

እየቀለዱ አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለዚህ ነገር ሳስብ ነው የሰነበትኩት። ባለሱቁን ተጠራጠሩ፤ ልክ ነበሩ። ቋጠሮውን ተጠራጠሩ፤ ልክ ነበሩ። በቬንትሌተሩ ግን ተሳስተዋል። በዓይንዎም የተሳሳቱ ይመስለኛል።

ከገቡ ጀምሮ በጎሪጥ የሚያዩት ካርቶን የእርስዎ ነው። ጽጌ አሁንም «ትንሿ ካሜራ ትሻላቸዋለች፣ አትከብድም» ብላ ነበር። እኔ ግን ትንሿ የምታሳየው በስክሪን ብቻ ነው፤ በእኛ ፀሐይ ደግሞ ስክሪን ለጎረምሳ ዓይንም አይታይም አልኳት። ስለዚህ ያመጣንልዎ ሌንሱ የሚፈታውን ነው፤ ለጀማሪ የሚሸጠውን፣ ቀለል ያለውን። ዓይን የሚያስጠጉባት መስኮት አለችው። ከመስኮቷ አጠገብ ትንሽ መዘውር አለች። እሷን ሲያዞሩ ምስሉ ለእርስዎ ዓይን እስኪጠራ ድረስ ይስተካከላል። ለእኔ ብዥ ይበል፤ ለእርስዎ ይጥራ እንጂ።

አውቃለሁ፣ በቃሌ አያምኑም። ባለሱቁም ካልወደዱት መልሶ ሊወስድ ተስማምቷል። እንግዲህ ይሞክሩት። ጩዎል፣ ና ወዲህ ቁም። ጽጌ፣ በዚሁ ነጭ ቀሚስሽ አጠገቡ ሁኚ። ሌሎቻችሁ ብርጭቆ አንሱ፤ ፎቶው እስኪነሳ ግን ማንም እንዳይጠጣ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ የሚጠረጥሩት ነገርም አያሳጣዎ። ፊታችን ሁሉ ከታየዎት ካሜራው ቤትዎ ይገባል። ካልታየዎት መዘውሯን አዙረው እንደገና ያንሱን፤ እኛ ሪባን አይደለንም፣ መደገም ይፈቀድልናል። ከጥግዎ ሆነው ግን ሁላችንም አንገባልዎትም። ወደ መሐል መምጣት አለብዎት፣ ቬንትሌተሩ ሥር።

ብርጭቆ እንደያዝን እንጠብቅዎታለን።