የአባቴ ጎረቤቶች

ታላቅ ወንድሜን በሐርጌሳው የድሮ መቃብር ከቀበርነው ወዲህ ተመልሼ አልሄድኩም። አማርኛ የማወራውም ከእሱ ጋር ብቻ ነበር። ዛሬ ከጋአን ሊባህ ሰፈር በተሳፈርኩበት ታክሲ አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች በአማርኛ ሲነጋገሩ ሰማሁ፤ አንድ ጎልማሳና ዘንቢል የታቀፉ እናት ናቸው።

«እማማ፣ ዘንቢልዎ ወጋኝ።»

«አፉ በለኝ ልጄ፣ ሦስት የሬት ችግኝ ነው።»

«ለመድኃኒት ነው?»

«ለአባቴ መቃብር ነው። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የሰፈሩ ልጆች የድሮውን መቃብር እሾህ እየመነጠሩት ነው። እኔም ልትከል ብዬ።»

«ምነው ሬት? መራራ አይደል? አበባ አይሻልም?»

«አበባውን ፍየል ይበላዋል። ሬትን ማን ይደፍራል? ደግሞ እርጥብ እስከሆነ ድረስ አላህን እያወደሰ ለሟች ተስቢህ ያደርጋል ይባላል።»

«ታዲያ ለአንድ ሰው ሦስት ችግኝ?»

«ብዙ ዘመን ሳልሄድ ቀረሁ። ስመለስ ድንጋዩ ፈርሷል፣ ቁልቋል ወርሶታል። ጎን ለጎን ካሉት ከሦስቱ የአባቴ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ።»

«የሚያስታውስ ሰው የለም?»

«የሚያስታውሱትም እዚያው ተኝተዋል።»

«እና ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ሦስቱም ላይ እተክላለሁ።»

«ሁለቱን ሳያውቋቸው?»

«አላህ ያውቃቸዋል። አባቴ እንደሁ ጎረቤት እያየው ብቻውን በልቶ አያውቅም።»

መቃብሩ ጋ ስንደርስ እሳቸው ለመውረድ ተነሡ፤ የእኔ መውረጃ ገና ሩቅ ቢሆንም፣ ዘንቢሉን ተቀብያቸው አብሬ ወረድኩ።