ከግድቡ ሥር የሚወጣው ውሃ ጠርቷል ወይስ ደፍርሷል?

በእኛ ጊዜ ልጆቼ፣ ግድብ ማለት አፈር ነበር። ሲሚንቶ የለ፣ ብረት የለ፣ ቀይ አፈር ነው፤ በጀርባችን ተሸክመን እንደፋለን፣ ከብት ይነዳበትና ይረግጠዋል፣ እንደገና እንደፋለን፣ እንደገና ይረገጣል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ስትወጡ ዳገቱ ላይ ያለው ያ ትንሹ ግድብ እንደዚያ ነው የተሠራው። እኔም ሥራው ሲያልቅ ዘበኛ ሆኜ ቀረሁ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ።

ታዲያ ያሠራን የነበረው ሰውዬ፣ ቆጣ ቆጣ የሚል ሰው ነው፣ ሊሄድ ሲል ጠራኝና ግድቡ ግርጌ ካለው የድንጋይ ክምር የሚወጣውን ቀጭን ውሃ አሳየኝ። "ደምሴ፣ ይሄ ውሃ ይወጣል። ይውጣ፣ እንዳትደፍነው" አለኝ። "የአፈር ግድብ ትንሽ ውሃ ማስረጉ አይቀርም። አንተ በየጠዋቱ በብርጭቆ ቅዳና ወደ ፀሐይ አንሥተህ እየው። ከጠራ ሂድ ቁርስህን ብላ። ከደፈረሰ ግን የግድቡን ሆድ እያጠበ ነውና ሮጠህ ንገረን።" ይኸው ነው ሥራዬ፣ በየጠዋቱ ብርጭቆ ማየት። ሰዉ "ደምሴ ደግሞ በጠዋቱ አረቄውን ይመረምራል" ይለኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ጀሪካን ይዛ መጣችና "ይሄማ ጸበል ነው" አለች።

"እትዬ፣ ይሄ ከላይ ከግድቡ የሚሰርግ ውሃ ነው" ብላት፣

"አንተ ዘበኛ ነህ ወይስ ቄስ?" አለችኝ።

ቄሱን ጠየቅን፤ እሳቸውም "እኔ የባረኩት ውሃ አይደለም፣ አላውቀውም" አሉ። ግን ማን ይሰማል? ሰው መጉረፍ ጀመረ። እና ባለቤቴም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጉልበቷን ታጠበችበት፣ ተሻላትም። ከዚያ በኋላ እኔም አፌን ዘጋሁ። ምን ልበል? ጉልበቷ ተሽሏታላ!

ይሄ የድሮው ነው። እኔ ጡረታ ስወጣ በቦታዬ ሰው አልተተካም። ልጄ ጥሩወርቅ፣ ይቺ አጠገቤ የተቀመጠችው፣ ከግድቡ ሥር ቤት ሠርታ ሁለት ልጆች ታሳድግ ነበር። ዘንድሮ ታዲያ መጣችና "አባዬ፣ ጸበሉ እኮ ቀላ" አለችኝ። እትዬ በላይነሽ ደግሞ ከኋላዋ "ኃይሉ ጨምሮ ነው! ተመስገን በሉ!" እያለች እልልታዋን ታቀልጠዋለች።

እኔ ደነገጥኩ። ብርጭቆዬን ይዤ ወረድኩ፣ ቀዳሁ፣ ወደ ፀሐይ አነሣሁ። ድፍርስ ነው! ቀና ብዬ ሰማዩን ባየው ግን ሰማዩም ድፍርስ ነው፣ ጥሩወርቅን ባያት እሷም ድፍርስ ናት። ለካ ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል፣ ረስቼው! እና የደፈረሰው ውሃው ይሁን ዓይኔ በምን ልወቅ? አንዱን ጎረቤት "እስቲ እየው፣ ጠርቷል?" ብለው "እንደ መስተዋት ነው ጋሼ" አለኝ። እሱም ቤቱ ከግድቡ ሥር ነው፣ ተነሥ እንዳይሉት ፈርቶ ነው። እትዬ በላይነሽን ብጠይቃት "እንደ ሸክላ ቀልቷል" አለች። እሷ ደግሞ እንዲቀላላት ትፈልጋለች። ማንን ልመን?

በስንት ምልልስ ከውሃው መሥሪያ ቤት አንዲት መሐንዲስ መጣች፣ ልጅ እግር ናት፣ ቦቲ ጫማ አድርጋለች። ያን ቀን ደግሞ ውሃው ለእሷም ዓይን እምብዛም አልቀላም፤ አንዴ ይጠራል፣ አንዴ ይቀላል።

"አባባ፣ መቅላት የጀመረው መቼ ነው? ዝናቡ ሳለ ነው ወይስ ካቆመ በኋላ?"

"ምን ለውጥ አለው ልጄ?"

"ብዙ ለውጥ አለው። ከዝናቡ ጋር ከሆነ ከላይ የታጠበ አፈር ሊሆን ይችላል። ካቆመ በኋላም የሚቀላ ከሆነ ግን ከውስጥ ነው የሚመጣው። እንደዚያ ከሆነ ከታች ያሉት ሰዎች መነሣት አለባቸው።"

ይሄኔ ጥሩወርቅ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። "ከዝናቡ ጋር ነው በል" ትለኛለች በጆሮዬ። እኔ ደግሞ እውነቴን ነው፣ አላስታውስም! ከመስቀል በፊት ነው እላለሁ፣ መልሼ ደግሞ የለም፣ የነገረችኝ ደመራው ከተለኮሰ በኋላ ነው እላለሁ። ከዝናቡ ጋር ነው ብል ልጄ ቤቷን አታጣም። ግን ግድቡ ከውስጥ እየታጠበ ከሆነ ቤቷም፣ እሷም፣ ልጆቿም ይሄዳሉ።

"ልጄ፣ እኔን ተይኝና ውሃውን እንጠይቀው" አልኳት። ዝናብ ካቆመ ሰንብቷል አይደል? ብርጭቆውን ሞልቼ ጥላ ውስጥ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት፣ ማንም እንዳይነካው ብዬ። ከጠዋት እስከ ከሰዓት ቁጭ ብለን ጠበቅነው። ከዚያ የላይ የላዩን ቀስ ብዬ ደፋሁና ጣቴን ከታች ሰደድኩ። ልሙጥ ጭቃ። ዝናብ ሳይኖር ጭቃ ካመጣ ከግድቡ ሆድ ነው። ለዚህ ዓይን አያስፈልግም። ጣቴን ለጥሩወርቅ አሳየኋት፣ እሷም በጣቷ አሸት አድርጋ አየችው።

"ታዲያ ይደፈን!" አለ ያ ጎረቤቴ።

"አይደፈንም፣ ከተደፈነ በሌላ በኩል ፈንቅሎ ይወጣል" አለች መሐንዲሷ።

"እንግዲያው ግድቡን በአንዴ አፍስሱት!"

"በአንዴ ከጎደለ ደግሞ አፈሩ ይናዳል። ቀስ እያልን ነው የምናጎድለው።"

እዚህ ላይ ጭራሽ ጠፋብኝ። ቢደፈን አደጋ፣ ቢወጣ አደጋ፣ ቢፈስ አደጋ! ያን ሁሉ ዓመት ስጠብቀው ኖሬ፣ ለካ ምን እንደምጠብቅ አላውቅም።

"አሁንስ ግድቡ ደህና ነው ጋሼ?" ትሉኛላችሁ። እኔ ምን አውቄ? ውሃው በግማሽ ጎድሏል ይላሉ፣ መሐንዲሷም እየተመላለሰች ታያለች፣ የሚጠገነው መቼ እንደሆነ ግን የሚያውቅ አላገኘሁም። ከታች ያሉት ሰዎች ተነሥተዋል፣ ለጊዜው ነው ተብለው፤ ለጊዜው ማለት እስከ መቼ እንደሆነም የነገረን የለም። ጥሩወርቅም ልጆቿን ይዛ ይኸው እኔ ዘንድ ናት።

"አባዬ፣ ዋናውን ንገራቸው እንጂ። የገዛ ልጅህን ቤት ያስለቀቅክ አንተ ነህ።"

አዎ፣ እኔ ነኝ። ልጆችሽ የት አሉ?

"ውጭ ኳስ እየተጫወቱ ነው።"

ሁለቱም?

"ሁለቱም።"

በይ እንግዲያ ተቆጪኝ፣ የፈለግሽውን ያህል ተቆጪኝ!