የሞተሩ ቦይ

ዝናቡ ጋብ እንዳለ ከታችኛው ማሳችን የሞተር ጩኸት ሰማሁ። ትንሿን ልጄን እንዳዘልኩ ወጣሁ። አንዲት ወጣት ሴት ጫማዋን በእጇ ይዛ ቆማለች፤ ሞተር ሳይክሏ እስከ ግማሽ ጎማው ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ሰምጧል። መንገዱን ጎርፍ ስለቆረጠው በማሳችን ውስጥ ልታልፍ ሞክራ ኖሯል።

የባለቤቴ አባት፣ አባባ የምንላቸው፣ ቀድመውኝ ደርሰው በትራቸውን ተደግፈው ይስቃሉ።

«ይህ መሬት የሚውጠው ዘር ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ብረትም ይበላል!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ፤ ስንዴዎን ረገጥኩት።»

«የምን ስንዴ? ቢጫ ሣር ነው የረገጥሽው። ዝናቡ ሲያባራ ጡብ ሠሪው ቆፍሮ ይወስደዋል፤ እኛም ተገላገልን።»

ይህች «ይወስደዋል» የምትባል ቃል እንቅልፍ ከነሳችኝ ሰንብታለች። ጡብ ሠሪው ጭቃውን ከሰው ቁመት በላይ ቆፍሮ ሊያወጣ፣ ለእኛም ለቤታችን ግድግዳ የሚሆን ጡብ ሊሰጠን ከአባባ ጋር ተነጋግሯል። የጎረቤታችንን ማሳ እንዲሁ ቆፍሮት ዛሬ ኩሬ ሆኗል፤ አንዲት ፍየል ሰጥማበታለች። እኔ ደግሞ ገና መሮጥ የጀመሩ ልጆች አሉኝ። ግድግዳው ይቆማል፤ ግድግዳ ግን አይበላም። ባለቤቴ ሥራው ሩቅ አገር ስለሆነ የመሬቱ ነገር የአባባ ነው፤ ምራት ሆኜ ፊት ለፊት መከራከር ደግሞ ከበደኝ።

ሞተሩን ወደ ላይ መግፋት ስላቃተን ቁልቁል ወደ ወንዙ ጎተትነው። ጎማው ከማሳው መሐል እስከ ወንዙ አፋፍ ጥልቅ መስመር አሰመረ። እጃችንን ስንታጠብ ሥራዋን ጠየቅኋት። የወረዳውን አፈር የምትመረምር ባለሙያ ናት።

«አፈር ደግሞ ምን ምርመራ አለው?» አሉ አባባ። «አፈር አፈር ነው፤ ሁላችንም የምንገባበት።»

«አፈር ሁሉ አንድ ከሆነ፣ ላይኛው ማሳ ላይ ሳልፍ ሞተሬ ለምን አልሰመጠም?»

«እሱማ ቀይ ነዋ!»

«እንግዲያው ሁለት ሆነ አባቴ።»

አባባ ሳል መጣባቸው። ልጅቷ ከጥቁሩ አፈር ዘግና በመዳፎቿ መካከል አሽታ እንደ ገመድ አረዘመችው፤ አጥፋ ቀለበት ስታደርገውም አልተሰበረም። ቀዩን ከላይ አምጥታ ብትሞክረው ተፈረካከሰ።

«ጥቁሩ ውሃ ከያዘ አይለቅም። የስንዴው ሥር ትንፋሽ አጥቶ ይታፈናል። ቀዩ ደግሞ ውሃ ቶሎ ያሳልፋል፤ ዝናብ ጉልበቱን ሲያጥበው ስለኖረ ኮምጥጧል፣ ኖራ ይፈልጋል፤ ተርቧልም። ትልሙን እንዴት ነው የሚያወጡት?»

«ሁለቱንም ተዳፋቱን አቋርጬ። አባቴ ‹ጠብታ እንዳታመልጥህ› ብሎ ነው ያሳደገኝ።»

«አባትዎ ያርሱ የነበሩት የትኛውን ነው?»

አባባ በበትራቸው ወደ ላይ ጠቆሙ። «ላይኛውን። ታችኛውን ያቀናሁት እኔ ነኝ።»

«ፍጉንስ የት ነው የምትጨምሩት?» ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ታች ነው፤ አመዱንም ጭምር። የታመመው እሱ ነው ብለን።»

«እህቴ፣ ልጅሽ ሆዷ ተነፍቶ ስታለቅስ ምግብ ትጨምሪላታለሽ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ!»

«ይኸው፤ ይህ ማሳ የተነፋ ነው። የተራበው ላይኛው ነው።»

ልጄ ባስነጠሰች ቁጥር የምደነግጠው እኔ፣ መሬቴን ግን በተነፋ ሆዱ ላይ ሳጎርሰው ኖሬያለሁ። አባባ ግን እንዲህ በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም።

«ምላስ አያርስም፣ የኔ ልጅ። ዝናብ የፈጣሪ ስጦታ ነው፤ እሱን ወደ ወንዝ ልድፋ?»

«ላይኛው ላይ ይያዙት፤ ታችኛው ላይ ይልቀቁት። ልማዱ ጥሩ ነው አባቴ፤ የተሳሳተው ቦታው ነው።»

ደህና ዋሉ ብላ ሄደች። አባባ «መሬቱ ዕድሜዬን ሙሉ ተሸክሞኛል፤ እሷን ግን አንድ ቀን እንኳ አልተሸከማትም» ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ዝናቡ ቀጠለ። አንድ ቀን ውሃ ልቀዳ ስወርድ እንስራዬን አስቀምጬ ቆምኩ። ጎማው ባሰመረው መስመር ውሃው ኩልል እያለ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ በመስመሩ ግራና ቀኝ ያለው ስንዴ አረንጓዴ ሆኗል። ሌላው እንደ ቢጫነቱ ነው። ሮጬ አባባን ጠራሁ፤ ምን እንዳየሁ ግን አልነገርኳቸውም።

«ማን ነው እዚህ ላይ ፍግ የጨመረው?» አሉ።

«ማንም አልጨመረም። ሞተሩ ነው።»

«ሞተር ስንዴ ያበቅላል እንዴ?»

«ውሃውን አሳልፎለት ነው፣ አባባ።»

ተንበርክከው ከቢጫው አንዱን ነቀሉ፤ ሥሩ ጠቁሮ ይሸታል። ከአረንጓዴው ነቀሉ፤ ሥሩ ነጭ ነው። ሁለቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አስተያዩ።

«አባቴ የእሱን ማሳ አስተማረኝ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ግን የራሴን ሳልማር ሸበትኩ። በይ ዶማውን አምጪልኝ፤ ሌላም ቦይ ልቅደድለት።»

ዝናቡ ሲያባራ ጡብ ሠሪው አካፋውን ተሸክሞ መጣ።

«ልጀምር አባባ?»

«ጡብህ ደህና ጡብ ነው፤ ግን አንዴ ከተጠበሰ ዘር አይቀበልም። ሌላ ፈልግ።»

«ሣር ነው ብለውኝ አልነበረም?»

«ያን ጊዜ ታፍኖ ነበር። አሁን ተነፈሰ።»

«ግድግዳውስ?»

«የጭቃው ግድግዳ እስከዛሬ አልወደቀብንም። ደግሞም ያንተ ጉድጓድ የልጅ ልጆቼን ሲጠብቅ እያየሁ በጡብ ቤት ምን እንቅልፍ ይወስደኛል?»

ይህን ስሰማ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ።

እኔ ማንበብ የጀመርኩት በቅርቡ ስለሆነ መጽሐፍ አልጠቅስም፤ ያየሁትን እናገራለሁ። በተከታዩ ክረምት ጥቁሩን ማሳ ከፍ ከፍ ባሉ መደቦች ከፋፍለን በየመሐላቸው ውሃ መውረጃ አወጣን። ስንዴው ቆመ። ከአጨዳ በኋላ አፈሩ ባስቀረው እርጥበት ሽምብራ ዘራን፤ ዝናብ ሳይነካው አፈራ። ፍጉን ወደ ላይኛው ማሳ አመላለስን፤ ለኮምጣጣነቱም ባለሙያዋ እንዳለችው ኖራ ነሰነስንበት፤ ትልሙን እንደ ድሮው አግድም አወጣን። እዚያ የምንተክለው ድንች ከፊተኞቹ ዓመታት ወፍሮ ወጣ። ስለዚህ እናቶችና አባቶች፣ መሬታችሁ ከፋ ብላችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ምን እንደጎደለው፣ ምንስ እንደበዛበት ጠይቁ።

ባለሙያዋ በሌላ ጊዜ በተጠገነው መንገድ ስታልፍ ልጆቼ ታችኛው ማሳ ውስጥ እሸት ሽምብራ እየነቀሉ ነበር። አባባ በትራቸውን እያወዛወዙ ጠሯት።

«አንቺ ልጅ! በዚያ በኩል የት ትሄጃለሽ?»

«መንገዱ ተሠርቷል እኮ አባቴ!»

«መንገዱን ተይው! ማዶ ሌላ ረግረግ አለኝ፤ ነይ እሱንም ስመጪልኝ!»