እርጥብ ሳር በኢሜይል

ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርደው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና ከአዲስ አበባ የመጣ የወንድማቸው ልጅ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ የላንቴ ልጆች ወንዙ ሲሞላ ከትምህርት እንዳይቀሩ፣ ድልድይ ይሠራላቸው ብዬ ዌብሳይቴ ላይ ጻፍኩ። አንባቢዎቼ አዲስ አበባ ላለው የድልድይ ሥራ ክፍል ኢሜይል ይልካሉ።»

«ስንት አንባቢ አለህ?»

«ሠላሳ።»

«ከእኛ ዕድር ያንሳል!»

«ጋሼ ደግሞ!»

«እሺ፣ ሲለምኑ እርጥብ ሳር ይይዛሉ?»

«በኮምፒውተር ሳር አይላክም እኮ።»

«የጋሞ ሽማግሌ ሳር ሳይዝ ይለምናል? ‹ሳር ይዘናል› ብለው ይጻፉ። ግን እውነትም ይዘው ይጻፉ፤ በልመና ላይ ውሸት አይገባም።»

«እሺ ጋሼ፣ እነግራቸዋለሁ።»

የዚያን የድልድይ ሥራ ክፍል ኢሜይል እያተምኩ ለአለቃዬ የማስገባው እኔ ነኝና፣ ሰኞ ከእረፍት ስመለስ ከመሥሪያ ቤታችን ግቢ አንድ እፍኝ እርጥብ ሳር እንደምቆርጥ ለራሴ ነገርኩት።