ስህተት የማይወደው አገልጋያችን

ሮሐዬ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ። የሸጎሌ ታክሲ ዛሬ ሰልፍ የለውም፤ አንድ አንድ ማኪያቶ ጠጥተን እንሄዳለን። ፀሐይዋም ደስ ስትል... ኧረ ድምፅሽን ቀንሺ አትበዪኝ። ከኋላችን ያለው ሰውዬ ማዳመጫ ሰክቷል። ደግሞስ ስለ እሱ መች አወራሁ?

እኔ የማወራው ስለ አንድ ጎበዝ ነው። እዚህ ጳውሎስ አካባቢ የትኛው መድኃኒት የትኛው ፋርማሲ እንዳለ የሚያሳየውን አፕ የጀመረልን። ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርጎ፣ "ኑ በነፃ አብረን እንሥራ፣ እኔ አገልጋያችሁ ነኝ" አለን። እንዲህ ያለ አገልጋይ የት ይገኛል? አገልጋዩ ሲቆጣ ጌቶቹ የሚንቀጠቀጡበት ቤት የኛ ብቻ ይመስለኛል።

ሉሊትን ታውቂያት የለ፣ የፋርማሲ ተማሪዋን? አፑ የተዘጋውን ፋርማሲ ክፍት ነው እያለ በሽተኛ ሲያንከራትት አየች። ሦስት ቀን ለፍታ ማስተካከያ ጽፋ ላከች፤ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። እሱም ያን ሁሉ ሥራውን ትቶ፣ በቴሌግራም ግሩፓችን ሠላሳ ሰው ፊት፣ "ይህን የጻፈ ሰው ኮምፒውተር ባይነካ ለአገር ይጠቅማል" ብሎ መለሰላት። ሌላው ቢሆን በውስጥ መስመር ነበር የሚነግራት... እሱ ግልጽ ሰው ነው። ልጅቷ አለቀሰች። እኔም ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽሽም።

በሳምንቱ ያንኑ ማስተካከያ በራሱ ስም አስገባው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ይባል የለ? ለእሱ ግን... ሃምሳውም ጌጡ ነው። ትከሻ ማለት እንዲህ ነው እንጂ።

ከዚያማ ከግሩፑ ሉሊት ወጣች፣ ጓደኛችን ጌቱ ወጣ፣ ሌላውም ተከተለ። ኮዱ ክፍት አይደል? ኮፒ አድርገው ለብቻቸው ቀጥለዋል። እዚያ ሰው እየተሰዳደበ ሳይሆን እየተጠያየቀ ይሠራል አሉ፤ በሽተኛውም መድኃኒቱን እያገኘ ነው። እዚህኛው ግሩፕ የቀረነው እኔና አንቺ ብቻ ነን... ሐመልማል ወሬ አበዛች አትበዪኝና ስልክሽን አውጪ። እኔ ይኸው፣ ወጣሁ።

ግን በቅያሜ አይደለም፣ እ? ለዚያ ጎበዝ የምመርቀው ከልቤ ነው። የሚሳሳት ሰው አያምጣበት። የሚጠይቀው አይምጣበት። ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አርሞ፣ ራሱን አመስግኖ የሚኖርበት... ረዥም ዕድሜ ይስጠው።