አያ ላቀው የጠረጠሩት እርምጃ

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖሩት አያ ላቀው ከጥርጣሬ ጋር አብረው ያረጁ ሰው ናቸው። «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ማለት ከአፋቸው አይለይም። በዚያ ታኅሣሥ ደግሞ ጥርጣሬያቸው ምክንያት አገኘ። ጎረቤታቸውና አበልጃቸው አያ ክንፈሚካኤል፣ በቆሎው ከተሰበሰበ ወዲህ፣ በየማለዳው ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን አስከትለው በአያ ላቀው ማሳ ጠርዝ ይመላለሳሉ። ማጭድ አልያዙ፣ ከብት አልነዱ፤ እርምጃ ብቻ ይቆጥራሉ፤ ያውም ጮክ ብለው!

ሌላው ሰው ምን ያውቃል? አያ ላቀው ግን ገብቷቸዋል። እሳቸውን በሰባት ዓመታቸው አባታቸው የወሰኑ ድንጋይ ላይ አቁመው፣ እንዳይረሱት ብለው በጥፊ አጩለዋቸዋል። ወሰን የሚወረሰው እንዲህ ነው፤ ሽማግሌው ይረግጣል፣ ልጅ ያያል፣ ሽማግሌው ሲሞት ልጁ ይመሰክራል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! በቁሜ ቀበሩኝ እኮ!» አሉና አንድ ሰኞ ማለዳ አበልጃቸውን ሊከሱ ወደ ቀበሌ ተነሡ።

ምን ዋጋ አለው! ከራሳቸው ማሳ ጫፍ ሳይወጡ ጉልበታቸው ከዳቸው። እዚያው የወሰኑ ድንጋይ ላይ ዘፍ ብለው ሲያለከልኩ፣ አያ ክንፈሚካኤል ከነልጆቹ ደረሱ።

«እንደምን አደሩ አበልጄ? ምነው፣ በደኅና ነው?»

«እግዜር ይመስገን» አሉ አያ ላቀው በጎን እያዩ። «ቆጠራው ደረሰልዎ?»

«ዛሬ ሦስት ሺህ ልንሞላ ነው።»

«ሦስት ሺህ! የኔንም ጨምረው ነዋ!»

አያ ክንፈሚካኤል ነገሩ ገባቸው፤ ግን አልተቆጡም። «አበልጄ፣ አምና ሐኪም ስኳር አለብህ አለኝ። መድኃኒቱን ሰጥቶ፣ በየቀኑም ተንቀሳቀስ አለኝ። ብቻዬን ጀመርሁ፤ በአራተኛው ቀን ተውሁት። አሁን እነዚህ ልጆች ከመኝታዬ ይጎትቱኛል። ከልጅ ጋር ሲሆን ጨዋታ ነው፤ ድካሙ አይታወቅም።»

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም! ደግሞስ ዕድሜ ልኬን እርፍ የጨበጥሁ ሰው፣ ምን እንቅስቃሴ ቀረኝና?»

«እርፉን ከተዉት ስንት ዓመትዎ?»

«እ… ስድስት።»

«ስድስት ዓመት መደብ ላይ! በሬስ ስድስት ዓመት ቢታሰር ይነሣል?»

«ሽማግሌ ከሕፃን ጋር ሲዘል ሰው ምን ይላል?»

«ይሥቃል። ሥቆ ሥቆ ሲያበቃ፣ ጉልበትዎን ምን ቢቀቡት ነው እያለ ይጠይቀኛል።»

ነገሩ እውነት ነበር፤ ግን የጥርጣሬ ሥር በአንድ ጊዜ አይነቀልም። አያ ላቀው፣ ልጅ አይዋሽም ብለው ከልጅ ልጆቹ አንዷን፣ ዘጠኝ ዓመት የሆናትን ሥርጉትን ጠሯት።

«ነይ እስቲ የኔ ልጅ። ይሄ የተቀመጥሁበት ድንጋይ ምንድን ነው?»

«መዞሪያችን ነው አባባ! ከዚህ እስከ ቤት እንሽቀዳደማለን። አያቴ ግን ያጭበረብራሉ፤ ሦስት ሳይባል ይነሣሉ!»

«ወሰን ነው አላሉሽም?»

«ወሰን ምንድን ነው?»

አያ ላቀው አፈሩ። ከእፍረቱ በኋላ ደግሞ የባሰ ነገር መጣባቸው። የልጃቸው ልጅ አምለሰት ብትጠየቅስ ምን ትላለች? እሷ ስልኳ ላይ፣ እሳቸው መደባቸው ላይ፣ ተደባብረው ነው የሚውሉት። ማሳው በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አታውቅም። ሰው ምስክር አቆመብኝ ብለው ሲንገበገቡ፣ የራሳቸውን የልጅ ልጅ ዘንግተዋታል።

«ወይ አበሳዬ! አበልጄ፣ ይቅር ይበሉኝ። ልከስዎ ወጥቼ ነው እዚህ የቀረሁት።»

«ምን አለበት፣ ይማርዎ። በሉ እጅዎን ይስጡኝና ይነሡ፤ እስከዚያ ብሳና ዛፍ ድረስ ብቻ።»

በማግስቱ አምለሰትን ቀሰቀሷት። «ስልኩን ተይና ነይ፣ እንውጣ።»

«ምን ሊያዙኝ ነው?» አለች ዐይኗን አጥብባ። ጥርጣሬውን ከማን እንደወረሰችው መቼም አይጠየቅም!

የመጀመሪያው ቀን ኀምሳ እርምጃ ነበር፤ ያውም በሁለት እረፍት። አምለሰት አዛጋች። በሳምንቱ ግን እሷው ቀድማ ከዘራቸውን አቀበለቻቸው። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ማሳውን ሙሉ ዞሩት። ሐኪም ጠይቀው፣ በዐቅማቸው፣ ቀን ሳይዘሉ ነው የሄዱት። የአያ ላቀው ጉልበት ተፍታታ፤ እንቅልፋቸው ተስተካከለ። ልጅቱም ትንፋሿ ረዘመ፣ የዛፉን ስም ከነቁጥቋጦው ለየች። እንግዲህ እርጅና የሚከብደው ለብቻ ሲቀመጡበት ነው። ሽማግሌ ከልጅ ጋር ሲሄድ እሱ እግር ያገኛል፣ ልጅም አገሩን ያውቃል።

አንድ ማለዳ አያ ክንፈሚካኤል ሣቅ እያሉ፣ «ታዲያ ወሰንዎን አሳዩዋት?» ብለው ጠየቁ።

አያ ላቀው ከፊት የምትሮጠውን አምለሰትን ትክ ብለው አዩ። «አሳየኋት። ግን አበልጄ፣ ስምንት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር፣ ስትሥቅ ያየኋት ገና አሁን ነው።»