አባቴ ያረሙልኝ ቀን

የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ነበር። ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ላፕቶፑን ብከፍተው የዩኒቨርሲቲው ገጽ እምቢ፣ ኢሜይሌም እምቢ። አንዳንድ የቆዩ ድረ ገጾች ግን ይከፈታሉ፤ በዚያው ዋይፋይ ስልኬ ላይ ደግሞ ሁሉም ይሠራል። ሰነዶቼ ያሉት ላፕቶፑ ላይ ነው። ዋይፋዩን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት። በመጨረሻ ኢንተርኔት ወደሚያቀርበው ድርጅት ደውዬ፣ "የምከፍለው ለጌጥ ነው ወይ?" ብዬ ስልኩን ባነሳው ሰውዬ ላይ ጮህኩበት። እሱ ረጋ ብሎ፣ "እስቲ የኮምፒውተሩን ቀን ይመልከቱልኝ፤ ቀኑ ከተሳሳተ ብዙ ገጽ አይከፍትም" አለኝ። ባየው፣ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል።

ሊጠይቁኝ ከይርጋለም የመጡት አባቴ ሶፋው ላይ ጋዜጣ ያነባሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው።

"አባባ፣ ይሄን ነገር ነክተውታል እንዴ?"

"ቀኑ ተሳስቶ አገኘሁትና በእኛ አቆጣጠር አረምኩልሽ" አሉኝ፣ ምስጋና እየጠበቁ።

ቀኑን ወደ ፈረንጆቹ መለስኩት፤ ገጹ ወዲያው ተከፈተ። አባቴ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና፣ "ሐዋሳ ተቀምጦ የማን አገር ቀን ነው የሚቆጥረው?" አሉ።

ማመልከቻው ደረሰልኝ። እሳቸው ግን እስኪሄዱ ድረስ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ "ያስተካከልኩላትን መልሳ አበላሸችው" ሲሉ ሰነበቱ።